ጣናን ከየት ሆነው ያዩታል?

ጣናን ሊያይ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ አይቶ ይመለሳል እንጂ ሐይቁን አያየውም። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለካል፤ ስፋቱ ወደ 3 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ በክረምት ማብቂያ ደግሞ ያልፋል። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ሊጥ የተዘረጋ ውኃ ነው ማለት ይቻላል። ዳርቻውም እንደዚያው ነው። በደቡብ የባሕር ዳር ሜዳ፣ በምሥራቅ ፎገራ፣ በሰሜን ደምቢያ፣ ሁሉም ለጥ ያለ ምድር ነው። ስለዚህ ዳር ላይ የቆመ ሰው የሚታየው ከፊቱ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ውኃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ይሆንበታል። ዘጌን ከነደሴቶቹ፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን በር፣ ማዶ ያለውን ተራራ በአንድ ዓይን ለመሰብሰብ ከፍታ ያስፈልጋል።

በጣና ዙሪያ ደግሞ ከፍታ የተቆጠረ ነው፤ የተቆጠረውም ባለቤት አለው። ጥሩ ኮረብታ ከተገኘ ወይ ቤተ መንግሥት ተሠርቶበታል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ተተክሎበታል፣ ወይ የቴሌ አንቴና ቆሞበታል። ሐይቁ ዳር ያለው መሬት በበኩሉ ለሆቴል ይመቻል። ስለዚህ ለዕይታ የሚሆኑ ቦታዎችን መዘርዘር ብቻውን ለተጓዥ አይበቃም። የትኛው ክፍት ነው? የትኛው በር አለው? የበሩስ ቁልፍ በማን እጅ ነው? የሚሉት ጥያቄዎች አብረው መነሳት አለባቸው።

አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ከከተማ ውጭ ያሉት መንገዶች አንድ ሰሞን ሲከፈቱ ሌላ ሰሞን ሲዘጉ ቆይተዋል። በዚህ ጽሑፍ ከባሕር ዳር ውጭ የተጠቀሰ ቦታ ሁሉ የዚያን ሳምንት ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቆ የሚኬድበት ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልክ "ሰላም ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰላምታ ይመስልና "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚል መልስ ያመጣል። የመንገዱን ስም ጠርቶ፣ ትናንት መኪና አልፎበት እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

ጉዞውን ከፔዳ መጀመር ይቀላል። የስሙን ምንጭ ለማያውቅ፣ ፔዳ ማለት በ1965 ዓ.ም. የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ማለት ነው፤ ቃሉን ከተማው ቆርጦ ለራሱ አስቀረው። አካዳሚው በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ አንዱን ፔዳ፣ ሌላውን ፖሊ እያለ ነው የሚጠራቸው። የፔዳ ጥቅሙ ለዓባይ ቅርብ መሆኑ ነው።

ቤዛዊት ኮረብታ ከመሀል ከተማ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በባጃጅ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ እንደመሆኗ ግን በብስክሌት መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ መጨረሻው ዳገት ላይ መግፋት ግድ ቢሆንም። ከላይ ሲደረስ ዓባይ ከግርጌ ተጋድሞ ይታያል። በደንገልና በዛፍ በተሸፈኑ ትንንሽ ደሴቶች መካከል እየተከፋፈለ፣ እንደገና እየተገናኘ የሚሄደው ውኃ ከሐይቅነት ወደ ወንዝነት ለመለወጥ ገና ያልቆረጠ ይመስላል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ከተማዋ ከነዘንባባዋ፣ ከከተማዋ ባሻገር ሐይቁ አለ። ጠዋት ቀደም ብሎ ወይም ወደ ማታ የወጣ ዕድለኛ ሰው ከታች ጉማሬ ያያል። ለከተማ ነዋሪም ለእንግዳም ጣናንና ዓባይን ባንድነት ለማየት ከዚህ የቀረበ ቦታ የለም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ በሐይቁ ላይ ተኝቶ ስለሚመጣ ከ11 ሰዓት በኋላ መውጣት ይመረጣል፤ ሲመሽ መመለሻውን አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ኮረብታው አናት ላይ ያለው ቤተ መንግሥት በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠራ ነው። ንጉሡ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ስለወረዱ የተጠቀሙበት ዘመን አሥር ዓመት አይሞላም። ከዚያ ወዲህ በሩ ለረጅም ዓመታት ለጎብኚ ዝግ ሆኖ፣ ዘበኛ ቆሞበት ኖሯል። ኮረብታው ላይ የወጣ ሰው ዓባይን እንደልቡ ያያል፤ ካሜራውን ወደ ግቢው ሲያዞር ግን ይከለከላል። የሚከለክለው ደንብ የቱ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ በአገራችን የታወቀ ነው፤ "ታዘናል።" ንጉሥም ዙፋንም የሌለበት ቤት ከፎቶግራፍ የሚጠበቅበት ምክንያት ለኔ ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም። ዕይታው የሚሰፋው ደግሞ ከቤቱ ሰገነት እንደሚሆን ከውጭም ሆኖ መገመት ይቻላል፤ ንጉሡ ቦታውን በከንቱ አልመረጡትም። ቤቱ ሙዚየም ቢሆን፣ ቢያንስ ግቢው በቲኬት ቢከፈት፣ ለከተማዋ የሚያስገኘው ገቢ ለዘበኛው ከሚከፈለው ደመወዝ እንደሚበልጥ ለማስላት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም።

ከቤዛዊት መልስ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር መሻገር ተገቢ ነው። 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የድሮው ድልድይ በወታደር የሚጠበቅ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት የተከለከለበት ነበርና፣ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ዓባይን ከድልድዩ ላይ ያየው በመኪና መስኮት በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ መሀል ላይ ቆሞ በአንድ ወገን ውኃው ከሐይቁ በኩል ሲመጣ፣ በሌላው ወገን ወደ ቤዛዊት ሲያቀና ማየት ይቻላል። ከድልድዩ ማዶ ያለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት ደረጃዎቹ ወደ ወንዙ ይመለከታሉ፤ ቁጭ ብሎ ለማየት ይመቻሉ።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር። የባሕር ዳር ደቡባዊ ዳርቻ ዕይታው ሩቅ ባይሆንም ደስ ይላል። ጠዋት የደንገል ታንኳዎች ሲቀዝፉ፣ ማታ ፀሐይ በዘጌ በኩል ስትገባ የሚታይበት ነው። ችግሩ መግቢያው ላይ ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ካለው የእግር መንገድና ከማንጎ ፓርክ በስተቀር አብዛኛው ጥሩ ቦታ ለብዙ ዓመታት በሆቴልና በመዝናኛ ግቢ አጥር ውስጥ ሆኖ ኖሯል። ሐይቁን ለማየት ማኪያቶ መግዛት ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ በአንዱ ግቢ በር ላይ የቆመ ጥበቃ "የት ነዎት?" ሲለኝ "ሐይቁ ጋ" ብዬ መለስኩ፤ "ሐይቁ ጋ ብቻ መሄድ አይቻልም" አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ጥፋቱም የሱ አይደለም። አባባሉ ግን የከተማውን ጉዳይ በአጭሩ ገልጾታል።

ሕጉ ምን ይላል ቢባል ባዶ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደቡ ንብረቶችን ሲያነሳ መንገድንና የባሕር ዳርቻን ይጠቅሳል። ሕጉ ሲጻፍ አገሪቱ ባሕር ነበራት፤ ባሕሩ ሄዶ ሐይቁ የቀረን ሰዎች አንቀጹን ለጣናም ብናነበው የሚያስቀይም አይመስለኝም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የሚመለከተው አካል የውኃ ዳርቻን እንዲከልልና በተከለለው ውስጥ መኖሪያ መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። የጎደለው ቁጥር ነው። ከውኃው ስንት ሜትር? ለማን? እግረኛው በየት በኩል?

ስፔኖች ይህን ጥያቄ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት የባሕር ዳርቻ ሕግ መልሰውታል። ከውኃው ጠርዝ ወደ ውስጥ 6 ሜትር ለእግረኛ መተላለፊያ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ሆቴሉ የማንም ይሁን የማን። ይህ በኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። "የንብረት አገልግሎት" የሚባለው፣ አንድ መሬት ለሌላው ጥቅም የሚሸከመው ግዴታ፣ ከጥንት ሮማውያን ጀምሮ የነበረ ነው። እንዲያውም ሮማውያን ጎረቤት ቤቱን ከፍ አድርጎ ሠርቶ የባለንብረቱን ዕይታ እንዳይጋርድ የሚያደርግ የተለየ አገልግሎት ነበራቸው። ዕይታ በሕግ ሊጠበቅ የሚችል ነገር መሆኑን ሁለት ሺሕ ዓመት የቆየ ልማድ ይመሰክራል። በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት ወደ ባሕር ዳርም ደርሷል። እኔ ሥራውን የምለካው በመብራቱና በንጣፉ ሳይሆን፣ ሲጨርስ አንድ ሰው ብር ሳያወጣና አጥር ሳያዞረው በሐይቁ ዳር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል በሚለው ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ጢስ ዓባይ ይገኛል። ይህ ለብዙዎች ዋናው ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ውኃው ሲሞላ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ዕድሜው የሚፈቅድለት አንባቢ በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያስታውሰዋል። ያ ሥዕል በየኪሳችን የሚዞር ነበር፤ እንግዲህ ብዙ ሰው ጢስ ዓባይ ሲደርስ የሚፈልገው ያንን ነው፤ ሳያገኘውም "ይህ ነው እንዴ?" ብሎ ይመለሳል።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። በፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበረ ለፏፏቴው የሚተርፈው ብዙ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ የሐይቁ ውኃ በበር የሚከፈትና የሚዘጋ ሆነ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት ሲመረቅ ፏፏቴው አብዛኛውን ውኃውን አጣ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ሥራ ጀመረ፤ ይኸኛው ውኃውን የሚወስደው ከሐይቁ ምዕራብ፣ ከቁንዝላ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ነው። የጣና ውኃ አሁን ሁለት መውጫ አለው ማለት ነው፤ አንዱ እግዜር የሠራው፣ ሌላው እኛ የቆፈርነው።

ከመብራት ጋር ጠብ የለኝም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ኮምፒዩተሩን የሚያበራው በውኃ ጉልበት ነው። ሆኖም የነገሩ ቅደም ተከተል ለሕግ ሰው ዓይን ይገባል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ጢስ ዓባይ ሁለት ከተመረቀ በኋላ መሆኑ ነው። ጎብኚን እየመሩ፣ በጀልባ እያሻገሩ፣ ለስላሳ እየሸጡ ይኖሩ የነበሩ የጢስ ዓባይ ከተማ ሰዎች ስንት ውኃ ይቅርልን ብለው የሚከራከሩበት መድረክ አልነበራቸውም። አዋጁ ሲመጣ ውኃው ሄዶ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ጢስ ዓባይ ይታይ ነው የምለው። ጊዜው ብቻ መመረጥ አለበት። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ክረምቱ የሚያመጣው ውኃ ከበሩም ከቱቦውም ይተርፋል፤ ያኔ ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ስሙንም የሚገባው መሆኑ ይገባል። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚሄድ ሰው ግን ጥቁር ገደል ያያል። የሚሄድበትም መንገድ ከሚያየው የማይተናነስ ነው። በእግር የሚወስደው መንገድ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ያልፋል። በዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ወንዙ እዚያ ጋ በጠባብ ቋጥኝ መካከል ተጨምቆ ስለሚያልፍ፣ ከላይ ሆኖ ላየው ሰው ያ ሁሉ ውኃ በዚህች ስንጥቅ መግባቱ ይገርመዋል። ከድልድዩ በኋላ አቀበት አለ፤ አናቱ ላይ ሲደረስ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይመጣል። አቀበቱን የማይፈልግ በጀልባ ከላይ መሻገር ይችላል። በኔ ግምት በድልድዩ ሄዶ በጀልባ መመለስ ይሻላል። ክረምት ላይ ጭቃው ስለሚያንሸራትት የከተማ ጫማ አያዋጣም፤ ዱላ የሚያከራዩ ልጆች ዋጋው ላይ ከመከራከር ዱላውን መያዝ ይበጃል።

ደሴቶቹና ዘጌ የሚኬድባቸው ለገዳማቱ፣ ለሥዕሎቹና ለብራና መጻሕፍቱ እንጂ ለዕይታ አይደለም። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ባሕረ ገብ መሬቱ በቡናና በትልልቅ ዛፎች የተሸፈነ ስለሆነ ሐይቁ በቅጠል መካከል ብልጭ ይላል እንጂ አይገለጥም። የዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ግን ከውኃው ላይ ጉብ ያለች ኮረብታ ናት፤ የዐፄ ፋሲለደስን ጨምሮ የነገሥታት አፅም ያረፈባት። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ይከበራል። ቢሆንም ከሐይቁ መሀል ከፍ ብሎ ካለው ቦታ ጣናን ያየ ሴት እንደሌለ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከቤተሰብ ጋር የሚሄድ ሰውም ይህን ጀልባ ላይ ሳይሆን ቤቱ ሆኖ ቢያስረዳ ይሻለዋል። ለሁሉም የሚሆነው በስተ ምዕራብ የደቅን ዳር ይዞ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ነው። ለአጭር ጉዞ ደግሞ ዓባይ ከሚወጣበት አጠገብ ያለው ደብረ ማርያም ይበቃል።

እኔን የሚማርከኝ የምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ ማለትም የጎንደር መንገድ። ወረታን አልፎ የፎገራን የሩዝ ማሳ ካቋረጡ በኋላ አዲስ ዘመን አካባቢ ከሜዳው ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ይታያል። አሞራ ገደል ይሉታል። የጥንት እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ላይ የረጋ ድንጋይ ሲሆን፣ ዙሪያው ያለው ለስላሳ አፈርና ዐለት በዘመናት ተጠርጎ እሱ ቀርቷል። ለዚህ መኪና ማቆም እንጂ መውጣት አያስፈልግም።

ከባሕር ዳር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲኬድ እንፍራንዝ ይደረሳል። ከመንገዱ በስተ ቀኝ ኮረብታ ላይ ያለው ግንብ ጉዛራ ነው። ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ሲሆን ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይቀድማል። የጎንደርን ግንቦች አይቶ ጉዛራን ያላየ ሰው ሁለተኛውን ምዕራፍ አንብቦ የመጀመሪያውን ዘልሏል። ዕይታውን በሚመለከት ግን ጎንደርም አይወዳደረውም። ጉዛራ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ስለሆነ ከታች ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ሐይቁ በሙሉ ርዝመቱ ይዘረጋል፤ ፀሐይዋም የምትገባው በውኃው ላይ ነው። ከባሕር ዳር በኩል የማይገኝ ነገር ይህ ነው። ንጉሡ የመረጡት ለውበቱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ሆኖ በሜዳው የሚመጣውን ሠራዊትም ነጋዴም ገና ግማሽ ቀን ሲቀረው ማየት ይቻላል። ጥሩ ዕይታ ያለው ቦታ ሁሉ የገዢ ወይም የመነኩሴ የሆነው በዚህ ነው፤ አንዱ የሚመጣበትን ለማየት፣ ሌላው የተወውን ለማየት።

ከጉዛራ ወደ ሐይቁ ሲመለከቱ ዳርቻው ላይ ሰፊ አረንጓዴ ከታየ ሣር ነው ብሎ መደሰት አይገባም። እምቦጭ ሊሆን ይችላል። መጤው አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን የያዘውም በተለይ ይህንኑ የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደምቢያን ነው። ነፋስ ስለሚነዳው ዛሬ የታየበት ነገ ላይገኝ ይችላል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገቡና አረሙ በአንድ ሐይቅ ላይ አብረው ይኖራሉ።

በመጨረሻ ጎርጎራ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ጣናን ከሰሜን ያሳያል። ቀድሞ ከባሕር ዳር ተነስታ ዘጌንና ደቅን እየነካች፣ ቁንዝላ አድራ ጎርጎራ የምትደርስ መርከብ በሳምንት አንዴ ትመላለስ ነበር፤ ያን ጉዞ ያደረጉ ሰዎች ስለ ሌላ ዕይታ ማውራት አይወዱም። ጎርጎራ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ሲሆን የመዝናኛ ሥፍራ ተሠርቶበታል። ከከተማው አጠገብ ያለውን ኮረብታ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሐውልት አቁመውበት ሄደዋል፤ ወራሪም ቢሆን የት መቆም እንዳለበት ያውቃል። ሐውልቱን ትቶ ሐይቁን ማየት ነው።

ስፔናዊው ጀስዊት ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 እ.ኤ.አ. የሞተው በጎርጎራ ነው። በ1618 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተጉዞ የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ አይቶ የጻፈ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እሱ ሲሆን፣ የተወለደው ማድሪድ አቅራቢያ ካለች ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ጀስዊቶቹ በዚያ አካባቢ ካስገነቡት ውስጥ ማርያም ግንብ የሚባለው ፍርስራሽ ሐይቁ ዳር ይገኛል፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ለተከታታይ ዓመታት የጀስዊቶቹን ቅሪቶች አጥንተዋል። ስፔንን ያነሳሁት ለሌላም ነገር ነው። በዚያ አገር ገጠር መንገድ ዳር "ሚራዶር" የሚል ምልክት ይታያል። ሦስት አራት መኪና የሚያቆም ቦታ፣ አጥር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ያለውን ተራራና ወንዝ በስም የሚያሳይ ሰሌዳ፤ ሌላ የለውም። በአስቱሪያስ ያለው የፊቶ ሚራዶር ከዚህ ከፍ ብሎ የሲሚንቶ ሰገነት አለው፤ ባሕሩንና የፒኮስ ዴ ኤውሮፓን ተራሮች ያሳያል። ቲኬት የለም፣ ዘበኛ የለም። በጉዛራ ኮረብታ ላይ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቢተከል፣ ዘጌ የቱ ጋ፣ ደቅ የቱ ጋ እንደሆነ እንግዳው ለራሱ ያነብ ነበር። ወጪው የአንድ ስብሰባ አበል አይሞላም።

ስለ ጊዜው ጥቂት ልጨምር። ለዕይታ ከሁሉ የሚመረጡት መስከረምና ጥቅምት ናቸው። ዝናቡ አየሩን አጥቦ ስለሚተወው ርቀት ይታያል፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ ጢስ ዓባይም ውኃ አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማያቸው የጠራ ቢሆንም ፏፏቴው መቀነስ ይጀምራል። ከየካቲት በኋላ አቧራና የማሳ ጭስ ይነሳል፤ ከጉዛራ ሐይቁ እንደ ግራጫ ጨርቅ ሆኖ ቢታይ የቦታው ጥፋት አይደለም። ጀልባ ሁልጊዜ ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ማዕበሉ ልብስ ያረጥባል፣ ካሜራም ያበላሻል። የጀልባ ዋጋ ከመሳፈር በፊት፣ የሚነኩት ደሴቶች በስም ተጠርተው፣ የመጠበቂያው ሰዓትም ተቆጥሮ መወሰን አለበት። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር መያዝ ይገባል። ለጉዛራ ከባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ለጀንበር መጥለቂያ መድረስ ይቻላል፤ በሌሊት መመለስ ስለማይመከር አዳርን ጎንደር ማድረግ ነው።